«ከባሕርዩ ወጣ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ማርቆስ ያለ ወጣት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርያትን ወስዶ የራሱን ታሪክ ቢጽፍ፣ ቶሎ የሚደርሰው ነቀፌታ «ጉዱ ካሣ ከባሕርዩ ወጥቷል» የሚል ሊሆን ይችላል። የአድናቂ ድርሰት በሚባለው በዚህ ዘርፍ ይህ አነጋገር ብዙ ያጨቃጭቃል።

ነቀፌታው «በመጽሐፉ ያላደረገውን አደረገ» ማለት አይደለም። እንዲያማ ቢሆን አዲስ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። ጥያቄው ድርጊቱ ከምናውቀው ሰው ሊመነጭ ይችላል ወይ የሚል ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ፣ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ያጡላት አባት ናቸው። አንድ ማለዳ ድንገት ተነሥተው ዘር የሌለውን የልጃቸውን አፍቃሪ በዛብህን «ልጄን ውሰድ» ቢሉት አንባቢ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ጸሐፊው ግን ከሽንፈትና ከብቸኝነት ጋር አታግሎ፣ በሃያ ገጽ ቀስ በቀስ ቢያለዝባቸው፣ ያ ለውጥ እንጂ ከባሕርይ መውጣት አይደለም።

አንባቢም ይሳሳታል። በዛብህ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ መሆኑ በመጽሐፉ ተጽፏል፤ «በዛብህ እንዲህ ያለ ቀልድ አይወድም» የሚለው ግን አንባቢው በልቡ የሣለው ሥዕል ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ያለ ምክንያት ቢረሳ ይጠየቅበታል፤ ለሁለተኛው ዕዳ የለበትም። (እኔም ስለ ጉዱ ካሣ አጥብቄ የተከራከርሁበትን ነገር መጽሐፉን ስገልጥ አጥቼው አፍሬአለሁ።)

ጸሐፊው አስቀድሞ «የእኔ ሰብለ ወንጌል ሌላ ናት» ብሎ ካስታወቀስ? ያን ጊዜ መመዘን ያለባት በራስዋ ታሪክ ውስጥ ነው።