«ስዕል አይገባኝም» እና ሌሎች ስቱዲዮዬ በር ላይ የምሰማቸው ነገሮች፣ እውነታውስ?

አምስት ኪሎ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምስለው፣ በወር አንዴ ቅዳሜ ከሰአት በሩን ከፍቼ ኦፕን ስቱዲዮ አደርጋለሁ። ቡና ይፈላል፣ ሰው ይገባል፣ ያያል፣ እናወራለን። እና ባለፉት አመታት ያው አንድ አይነት ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከካምፓስ ልጆች፣ አንዴ እንደውም ሸራ ይዤ ታክሲ ስገባ ከረዳቱ። ማንም በክፋት አይደለም የሚለው፣ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ኤግዚቢሽን የሚገባው የተጠራ ሰው ነው»

አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ሰው በር ላይ ደርሶ፣ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ፣ ልብሱን ነካ ነካ አድርጎ ሲመለስ በአይኔ አይቻለሁ። ፒያሳ አሊያንስ (የፈረንሳይ ባህል ማዕከሉ) ኤግዚቢሽን ሲኖር ግቡ፣ ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት (የጀርመኑ) ሲኖር ግቡ፣ ብሔራዊ ቴአትር ያለችው ጋለሪ ግቡ፣ የግል ጋለሪዎችም እንደዛው፣ አብዛኛው ቦታ መግቢያ በነጻ ነው፣ ማንም መጥሪያ ካርድ አይጠይቃችሁም። ሰውን የሚያስፈራው የመክፈቻው ምሽት ይመስለኛል፣ መኪናው ተደርድሮ፣ ሰው ዘንጦ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ፣ ካሜራ ምናምን። ግን ኦፕኒንግ ማለት አንድ ምሽት ነው። ከዛ በኋላ ስራው ሁለት ሶስት ሳምንት ተሰቅሎ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ጥበቃውና ስዕሎቹ ብቻ ናቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ ነው የምለው፣ አንድ ስዕል ፊት አስር ደቂቃ ብትቆሙ የሚገፋችሁ የለም።

ሙዚየም ሲሆን ትንሽ መግቢያ ይከፈላል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄድ ሰው ግን ሉሲን አይቶ ይወጣል፣ ስዕል እንዳለም የማያውቅ ብዙ ነው። በሚቀጥለው ስትሄዱ ደረጃውን ውጡ።

«አብስትራክት የፈረንጅ ነገር ነው፣ እንደዛማ ልጄም ይስለዋል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር አለው። አብስትራክት ስል ሰው፣ ዛፍ፣ ቤት ሳይታይበት በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚናገር ስዕል ማለቴ ነው።

ሰዓሊው ገብረክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኤውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ስራውን ሲያሳይ ይሄው ጥያቄ ነው የጠበቀው፣ ይሄ ምንድነው፣ ሰው የት አለ፣ ዛፍ የት አለ። ግን በዛው አቆጣጠር በ1965 የቀዳማዊ ኃይለስላሴን ሽልማት በስነ ጥበብ ተሸለመ፣ በአማርኛ ግጥምም ትልቅ ስም ያለው ሰው ነው፣ ማለትም ሀገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ፣ ሂዱና ስዕሎቹ ላይ ያለውን ቀይ በቅርብ እዩት፣ ስልክ ላይ ያለው ቀይ ያ ቀይ አይደለም።

ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንን ደግሞ ውሰዱ። ለንደንና ፓሪስ የተማረ ሰው ነው፣ ኒውዮርክ ያለው ትልቁ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስራውን በኤውሮፓ 1960ዎቹ ገዝቶታል። ግን ስራውን ስታዩ ምን ታያላችሁ? ጠልሰም። ደብተራ ብራና ላይ ለበሽታ፣ ለቡዳ፣ ለክፉ መንፈስ ብሎ የሚስለውን አይን፣ መረቡን፣ ኮከቡን። እና ይሄ ከየት መጣ ልትሉ ነው? ከኛው ነው። በመቶዎች ለሚቆጠር አመት ቅርጽን እንደ ቅርጽ፣ ቀለምን እንደ ቀለም ስንጠቀም ኖረናል። የቤተክርስቲያን ስዕልም ቢሆን ፎቶ ሊመስል ፈልጎ አያውቅም፣ ቅዱሱ ሙሉ ፊቱን ዞሮ በሁለት አይኑ ያያችኋል፣ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ አይኑ ብቻ ይታያል። ይሄ አሳሳል አለማወቅ አይደለም፣ ሰዓሊው አስቦ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። እናትህ ነጠላ ላይ ያለውን ጥለት «ይሄ ምንን ይመስላል?» ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? አልጠየቅክም፣ ግን ደስ ሲልህና ሳይልህ ታውቃለህ፣ በቃ በዛው አይን ነው የሚታየው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ግቢያችን ውስጥ እማማ የምንላቸው ትልቅ ሴት አሉ፣ ለኦፕን ስቱዲዮ ቀን ሁሌም ቆሎ ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ ሁሌም «እኔ ምን አውቅልሃለሁ ልጄ» ብለው በር ላይ ይቆማሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሰሞን አንድ ትልቅ ሸራ ጀምሬ ነበር፣ ምንም ሰው የለውም፣ ምንም ቤት የለውም፣ የውሃ ሰማያዊ በላዩ ላይ ክሬም በላዩ ላይ አረንጓዴ እየደረብኩ እያደረቅኩ ከዛ በስፓቱላ እየፋቅኩ ከስር ያለውን የማወጣበት፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ጭቃ የሚመስል ቡኒ እስኪታይ ድረስ። እማማ ቆሎውን እንደያዙ ገቡ፣ ዝም ብለው አዩት፣ ከዛ ጠጋ ብለው ጥግ ላይ ያለችውን ሰማያዊ በጣታቸው ሳይነኩ እያመለከቱ «ይቺ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ የተቀባው ነው፣ ለክርስትናው» አሉኝ። ከዛ አረንጓዴው የማን ሰርግ እንደሆነ፣ ክሬሙን ቀበሌ መቼ እንዳስቀባው ነገሩኝ። እኔ ግድግዳ ነው ብዬ አልነገርኳቸውም፣ ርእስም አልለጠፍኩበትም። ስዕል አይገባኝም የሚሉ ሴት ናቸው እንግዲህ።

ልጅህ ይስለዋል ወይ ላልከኝ፣ ልጅህ ቆንጆ ነገር ሊስል ይችላል፣ አደራ ወረቀት አትከልክለው። ነገር ግን አንዱን ሸራ ስድስቴ ደርቦ፣ አራቱን ፍቆ፣ የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት ለማወቅ አመታት ይፈጃል።

«ጨርቅና ቀለም ነው፣ ለምን ይሄ ሁሉ ብር?»

እሺ ቁጥር እናውራ። አንድ ስዕል 40 ሺ ብር ተሸጠ እንበል። ጋለሪ በኩል ከሆነ ጋለሪው ኮሚሽን አለው፣ ብዙ ቦታ ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው፣ 40 ብንለው እጄ ላይ የሚገባው 24 ሺ ነው። እኔ በአመት አስር ስዕል ከሸጥኩ ተመስገን የምለው አመት ነው፣ ያ ማለት 240 ሺ፣ ለ12 ወር ስታካፍለው በወር 20 ሺ፣ ከዛ ላይ የስቱዲዮ ኪራይ፣ ቀለም፣ ፍሬም፣ ትራንስፖርት ይወጣል። ጋለሪውንም አልወቅስም ደሞ፣ ቦታው ኪራይ አለው፣ መብራት፣ ሰራተኛ፣ ካታሎግ ማሳተም፣ ደንበኛ ማምጣት፣ ይሄ ሁሉ ስራ ነው።

ሸራው ራሱ ዝም ብሎ ከሱቅ አይመጣም። እንጨቱን አናጢ ጋ አስቆርጣለሁ፣ ካልደረቀ እንጨት ከተሰራ ከወራት በኋላ ይጣመማል፣ ስለዚህ እየመረጥኩ ነው። ጨርቁን እወጥራለሁ፣ ከመሀል ወደ ጥግ፣ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዛኛው፣ ካልሆነ ይሸበሸባል። ከዛ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ነጩን ፕራይመር መቀባት፣ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ እንደገና መቀባት። ይሄ ሁሉ አንዲት መስመር ሳይሰመር ነው። የዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ አንዱ ድርብ እስኪደርቅ ቀናት፣ ወፈር ካለ ሳምንታት ትጠብቃለህ። ጥሩ ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር ሲጨምር የቀለሟም ቱቦ ትጨምራለች። ብዙዎቻችን ከውጭ የሚመጣ ሰው ስናገኝ የመጀመሪያው ልመናችን ነጭ ቀለም ነው፣ ነጭ ቶሎ ነው የሚያልቀው።

«ሰዓሊ ሙድ ሲመጣለት ነው የሚሰራው»

እኔ የማውቃቸው ሰዓሊዎች ጠዋት ተነስተው ነው የሚሰሩት። የቀን ብርሃን ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማታ በአምፖል የቀላቀልከው ቀለም ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል። ብሩሽ ማጠብም ከስራው ነው።

«ተሰጥኦ ነው፣ ትምህርት ምን ያደርጋል»

ሰዓሊው አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው የመሰረቱት የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው፣ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ እያስተማረ ያለው ተሰጥኦ ብቻውን ስላልበቃ ነው። እጅ ለመሳል፣ ጨርቅ ሲታጠፍ ጥላው የት እንደሚወድቅ ለማወቅ፣ ሞዴል ፊት ሰአታት መቀመጥ አለ። የተመራቂዎች ኤግዚቢሽን በየአመቱ ይታያል፣ ነገ ስማቸውን የምትሰሟቸውን ልጆች ዛሬ እዛ ታገኟቸዋላችሁ።

«ይሄ የወንድ ስራ ነው» የሚል ደግሞ አሁንም አለ። ከዛው ትምህርት ቤት የወጡትን ወ/ሮ ደስታ ሐጎስን ይጠይቅ፣ በሀገራችን የግል ኤግዚቢሽን በማሳየት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፣ ከዛ ወዲህ የመጡትን ቆጥሬ አልጨርስም።

«አዲስ አበባ ላይ ጥበብ ሞቷል»

ይሄን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ የማይወጡ ሰዎች ናቸው። እውነት ነው ከባድ ጊዜ ነው፣ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ርካሽ ክፍልም አብሮ ይፈርሳል፣ የማውቃቸው ልጆች ስቱዲዮአቸውን ለቀው ሸራቸውን አልጋ ስር አስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ከከተማ ወጥቷል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ግን በ2024 በኤውሮፓ አቆጣጠር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን በሚካሄደው ትልቁ አለም አቀፍ የጥበብ ኤግዚቢሽን፣ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ የራሷን ፓቪሊየን (የሀገር ማሳያ ቦታ) ይዛ ቀረበች፣ ስራውን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ እዚሁ የተማረ ልጅ ነው። ሰዓሊው ታደሰ መስፍን ለአመታት እያስተማሩ ጎን ለጎን የሚስሉት ጉሊት የሚቸረችሩትን ሴቶች ነው፣ ቀጥ ብለው እንደ ምሰሶ የቆሙ፣ ዛሬ እነዛ ስዕሎች በአለም ጋለሪዎች ይታያሉ፣ እኛ ሽንኩርት ስንገዛ የምናልፋቸው ሴቶች ናቸው እኮ። ከመስቀል አደባባይ ትንሽ ከፍ ብሎ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ስራ አለ፣ ወደ 150 ካሬ ሜትር፣ ስለ አፍሪካ ነጻነት፣ ጠዋት ፀሀይ ስትመታው ማየት የቻለ ሰው ጥበብ ሞቷል ለማለት አፉ እሺ የሚለው አይመስለኝም።

«ስቱዲዮ ከገባሁ መግዛት አለብኝ»

በፍጹም። ከሚመጣው ሰው አብዛኛው አይገዛም፣ በሩን የምከፍተውም ለዛ አይደለም። ጠይቁ፣ ያልወደዳችሁትን አልወደድኩትም በሉ፣ ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁኝ። አትንኩ ብቻ፣ ያልደረቀ አለ።

«የገዛሁት ስዕል የኔ ነው፣ እንደፈለኩ አሳትመዋለሁ»

ሸራው ያንተ ነው። ግድግዳህ ላይ ስቀለው፣ ለልጅህ አውርሰው፣ ሽጠው። ምስሉን አባዝቶ የማተም መብት ግን በተለይ ካልተስማማን በስተቀር የሰዓሊው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ህግ አለን፣ መብቱ ሰዓሊው በህይወት እያለና ከሞተም በኋላ ለ50 አመት የሚቆይ ነው። ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው፣ አንድ ካፌ ቁርስ ልበላ ገብቼ ሜኑው ሽፋን ላይ የራሴን ስዕል አገኘሁት፣ ከኦንላይን ፎቶ ላይ ተቆርጦ፣ ፊርማዬ ያለበት ጥግ ተጎርዶ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዶ። ስጠይቃቸው ባለቤቱ ከልቡ ደንግጦ «ማስታወቂያ ይሆንልሃል ብዬ ነው» አለኝ። ስም የሌለው ስራ ለማን ማስታወቂያ ይሆናል? ደውሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ጥርት ያለውን ፋይል ራሴ እልክለት ነበር፣ ዋጋውንም ተነጋግረን እንስማማ ነበር። አሁን ሜኑውን ቀይረውታል፣ በአዲሱ ላይ ፊርማዬ አለ፣ ቀለሙንም ማተሚያ ቤት ድረስ ሄጄ አስተካክዬዋለሁ።