አሮጌ ጎማ ከፕላስቲክ ጋር ሲቀየጥ

ያረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር ሲደባለቅ ከሁለቱም ባሕርይ የያዘ አዲስ ነገር ይወጣል። ሲሞቅ እንደ ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳል። ሲቀዘቅዝ የጎማው ለስላሳነት በመጠኑም ቢሆን አብሮት ይቆያል። የመኪና ወለል ምንጣፍ፣ ስፒድ ብሬከር፣ የከብት በረት ንጣፍ፣ ከመኪና ኋላ የሚንጠለጠል የጭቃ መከላከያና የጭነት ፓሌት ይሠራበታል። በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ ስላላገኘሁ ነው ይህን ያዘጋጀሁት።

ጎማ ለምን አይቀልጥም?

እ.ኤ.አ. በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ምን እንደሚያስገኝ ደረሰበት። ጥሬ ጎማ በሙቀት ይዝላል፣ በብርድ ይደርቃል። ድኝ ሲገባበት ግን ረጃጅሞቹ የጎማ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተሳስረው መረብ ይሆናሉ። መረቡ ይለጠጣል፣ ተመልሶም ይሰበሰባል። ይህ ሥራ ቫልካናይዜሽን ይባላል።

መኪናን የሚሸከመው ይኸው መረብ ነው። ጎማው ሲያረጅ ግን መረቡ ራሱ ያስቸግራል። ጀሪካን ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ጎማን ቢያሞቁት ይቃጠላል እንጂ አይፈስም። በዚያ ላይ የመኪና ጎማ የምንለው ነገር ሁሉም ጎማ አይደለም። ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ብቻ ነው ጎማ። ሩብ የሚጠጋው ካርበን ብላክ የሚባለው ጥቁር ዱቄት ሲሆን፣ ሽቦ፣ ክርና ዘይትም አለበት።

አገሮችን ወደዚህ ሥራ የገፋቸው በዋናነት የክምችቱ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳ ሃገርስቪል የተከመረ ጎማ እሳት ተነሥቶበት 17 ቀን ነደደ። የተቃጠለው 14 ሚሊዮን ያህል ጎማ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በ1999 ባወጣው መመሪያ ሙሉ ጎማ ከ2003፣ የተቆራረጠ ጎማ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ቆሻሻ መድፊያ ውስጥ እንዳይቀበር ከለከለ።

መፍጨትና ማጣበቅ

ጎማ የሚፈጨው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በተራ የአየር ሙቀት ነው። ሁለተኛው በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቀዘቀዙ ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪን ሲያልፍ ጎማ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። እንዲህ የተፈጨው ገጹ ልሙጥ ነው። በተራ ሙቀት የተፈጨው ግን የተቦጫጨቀ ገጽ ስላለው ፕላስቲኩ የሚነክስበት ያገኛል። ብዙ ወጪ የሌለበት መንገድ ለቅይጥ የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ደስ ይላል።

ትልቁ ራስ ምታት ማጣበቁ ላይ ነው። ሁለቱን ዝም ብሎ ማደባለቅ አይያያዛቸውም። የጎማው ፍሬ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ጠጠር ይቀመጣል። ቅይጡ ሲሳብ ከጠጠሩ ጠርዝ መሰንጠቅ ይጀምራል። ለብቻው የራሱን ርዝመት ብዙ እጥፍ የሚለጠጥ ፖሊኢትሊን (የጀሪካን ፕላስቲክ)፣ ያልታከመ የጎማ ዱቄት ሲበዛበት ገና ትንሽ ሲሳብ ይበጠሳል።

ይህን ለመረዳት በአዲስ ጎማ የተሠራውን ሥራ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1962 የነዳጅ ኩባንያው ኤሶ ባለሙያዎች ጌስለርና ሃስሌት ጎማን ከፕላስቲክ ጋር እያማሰሉ እዚያው ማስተሳሰር የሚቻልበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። በ1970ዎቹ የኬሚካል ኩባንያው ሞንሳንቶ ባለሙያዎች ኮራንና ፓቴል ዘዴውን በጥልቀት አጠኑት። በ1981 ሳንቶፕሪን የተባለው ምርት ገበያ ላይ ዋለ። ይህ ድንቅ ሥራ ነው። ምርቱ ልክ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ እንደ ፕላስቲክም ቀልጦ ይቀረጻል። ምስጢሩ የጎማው ጠብታ መጠን ነው፤ አንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ ይሆናል። ከአሮጌ ጎማ የሚገኘው የተለመደ ዱቄት ግን 400 ማይክሮን ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ የአሮጌ ጎማ ቅይጥን ከሳንቶፕሪን ጋር እኩል መጠበቅ ትክክል አይደለም።

ልዩነቱን ለማጥበብ ብዙ ይሞከራል። ማሌይክ አንሃይድራይድ የተባለ ኬሚካል የተተከለበት ፕላስቲክ በጥቂቱ ተጨምሮ ሁለቱን ያቀራርባል። ጥቂት አዲስ ጎማ ጨምሮ ፍሬዎቹን ማልበስም ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። የድኙን ማሰሪያ በሙቀት፣ በኬሚካል ወይም በማይክሮዌቭ መፍታት ሦስተኛው መንገድ ነው። እዚህ ላይ ክርክር አለ። ድኙን ብቻ ፈታን የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ዋናው ሰንሰለትም አብሮ መቆረጡ አይቀርም፤ የሁለቱ ጥንካሬ ልዩነት ያን ያህል ሰፊ አይደለምና።

የጎማ ዱቄት አስፋልት ውስጥም ይገባል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ያስፋፋው መሐንዲሱ ቻርልስ ማክዶናልድ ነው።

በእኛ አገር

ኢትዮጵያ ውስጥ አሮጌ ጎማን መልሶ መጠቀም ነባር ሙያ ነው። በረባሶን የማያውቅ የለም። ከጎማ ተቆርጦ የተሠራው ይህ ጫማ ገበሬውንም ወታደሩንም ብዙ መንገድ አስኪዷል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ተጥሎ የሚቀር ዕቃ እንደሌለ በዓይኑ ያያል። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስም የበረባሶን ሐሳብ ይዞ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ሶል ያለው ጫማ ወደ ውጭ አገር ልኳል። እዚህ ሁሉ ላይ ግን ጎማው ይቆረጣል እንጂ አይቀየጥም።

ለመቀየጥ ቢታሰብ ፕላስቲኩንም መምረጥ ያስፈልጋል። ቁራሌው የሚሰበስበው ሁሉ እኩል አይሆንም። የዘይት ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ለጎማው ይመቸዋል። የፕላስቲክ ወንበር ፖሊፕሮፕሊን ነው፤ 165 አካባቢ ይቀልጣል፤ እሱም ይሆናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን 250 ገደማ ይፈልጋል። እዚያ ሙቀት ላይ ጎማው ራሱ መበላሸትና መሽተት ይጀምራል።

የጤናና የአካባቢ ጥያቄ

ጎማ ውስጥ የሚጨመር 6ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ኮሆ የተባለውን የሳልሞን ዓሣ የሚገድል ነገር እንደሚፈጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ታውቋል። የአውሮፓ ኅብረትም ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ ላይ የሚበተነውን የጎማ ጥራጥሬ ሽያጭ ከ2031 ጀምሮ የሚያግድ ሕግ በ2023 አውጥቷል። እገዳው ልቅ ጥራጥሬን ይመለከታል። ቅይጥ ውስጥ ያለውን ፍሬ ፕላስቲኩ ስለሚይዘው እንደዚያ አይበተንም። ዕቃው ሲሰበርም ተፈጭቶ እንደገና ሊቀልጥ ይችላል፤ በየዙሩ ግን ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል።