«ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ» እና የጎጃም አሮጌ ሰይፎች

የጎጃሙን የሜጫ ገበሬ ስለ ባሕር ዛፍ ሲያወራ ስሙት። ቤት ያሠራል፣ ልጅ ያስተምራል፣ የቸገረ ቀን ተቆርጦ ይሸጣል፤ ግን አጠገቡ ያለውን ማሳ ያደርቀዋል። «ምን ታደርገዋለህ፣ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው» ይላል። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ትርጉም ይሄ ነው፦ የሚጠቅምም የሚጎዳም ነገር።

አነጋገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። መዝሙር 149 «ሁለት አፍ ያለውም ሰይፍ በእጃቸው ነው» ይላል። ምሳሌ 5 እና ዕብራውያን 4 ላይም አለ። ጠዋት ማታ ዳዊት በሚደገምበት፣ የአብነት ተማሪ በሞላበት ጎጃም እንዲህ ያለ ቃል ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ገበያ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። ግን ልብ በሉ፣ በሦስቱም ቦታ ሰይፉ ባለቤቱን አይቆርጥም። የተነገረው ስለ ስለቱ ብቻ ነው።

እኔ ይህን የመጽሐፉን ፍቺ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ብረቱም የሚለው እሱኑ ነው። ሾተልን እዩት። እንደ ማጭድ የቆለመመ ነው፤ ውስጡም ውጭውም የተሳለ። ጫፉ የጠላትን ጋሻ ዞሮ እንዲወጋ ነው የታጠፈው። ሁለቱም አፍ ለባለቤቱ ይሠራሉ። ጎራዴ ግን አፉ አንድ ነው፣ ጀርባው ደነዝ።

ስለዚህ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰይፍ ካለ መጀመሪያ አፉን ቁጠሩ። ከዚያ እጀታው ሥር፣ ብረቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ የሠሪውን ማኅተም ፈልጉ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ አፎቱ ቀይ ቆዳ ሆኖ ብረቱ ከጀርመን ዞሊንገን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የእንግሊዙ ሰይፍ ሠሪ ዊልኪንሰንም ለኢትዮጵያ ሠርቷል። የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ፊደል ስላለበት ብቻ «እዚሁ የተቀጠቀጠ ነው» አትበሉ፣ በትእዛዝ አውሮፓ የተቀረጸ አለ።

እጀታው አናት ላይ ማርትሬዛ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ ብር፣ የተመታበት ሰይፍም አለ። ብሩ 1780 ይላል። ያ የሰይፉ ዕድሜ አይደለም! ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የታተመው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዟል።

ብዙ ቤት ደግሞ «ከዓድዋ የተማረከ ነው» ይባላል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ስለተዋጉ ነገሩ ሊሆን ይችላል። ግን ከጣሊያን የተማረከ ከሆነ የጣሊያን ምልክት ይፈለግበታል። አያታችሁ የነገሯችሁን ጻፉት፣ ብረቱ የሚለውንም ለብቻው ጻፉት። እባካችሁ ዝገቱን ላስለቅቅ ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ማኅተሙ ነው። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን አንሱና ማኅተሙን በቅርበት ፎቶ አንሱት።