የወደቀ ሁሉ ቡጢ አይችልም? ስለ ቦክስ ሻምፒዮኖች የሚወሩ ስህተቶች

አንድ ሻምፒዮን በወደቀ ቁጥር ያው ወሬ ይነሳል። «ይሄ ቡጢ መቋቋም አይችልም፣ እነ መሐመድ አሊ ቢሆኑ መች ይወድቁ ነበር!» ሥራዬ ልጆችን ቡጢ ማሰልጠን ስለሆነ ይህን ጂም ውስጥም፣ ካፌም፣ ስልኬ ላይም እሰማዋለሁ። ሰልችቶኛል። ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ ግን በዚህ ወሬ ልጆች እየተጎዱ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«የወደቀ ቡጢ አይችልም።» አሊ ራሱ ወድቋል እኮ። በ1962 ሶኒ ባንክስ በመጀመሪያው ዙር ጣለው። በ1963 ለንደን ላይ ሄንሪ ኩፐር በግራ ሁክ (ከጎን ዞሮ በሚመጣ ቡጢ) ጣለው። በ1971 ደግሞ ጆ ፍሬዚየር በ15ኛው ዙር ዘረጋው። ሦስቱንም ጊዜ ተነስቶ ቀጥሏል። ቡጢ መቋቋም አንድ ችሎታ ነው፣ ከተመቱ በኋላ ቶሎ ማገገም ሌላ ችሎታ ነው። ሰው ሻምፒዮኖችን ሲያወዳድር የመጀመሪያውን ብቻ ይቆጥርና ሁለተኛውን ይረሳዋል። ለእኔ ደግሞ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

በ1979 ላሪ ሆልምስን ኧርኒ ሸቨርስ በ7ኛው ዙር በቀኝ እጁ መታው። ሸቨርስ ማለት በከባድ ሚዛን ታሪክ ከባድ ቡጢ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነው። ሆልምስ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ዙሩን በሕይወት ጨረሰ፣ በ11ኛው ዙር ሸቨርስን አስቆመው። ታይሰን ፊውሪንም ተመልከቱ። ታኅሣሥ 2018 ሎስ አንጀለስ ላይ ዲዮንቴ ዋይልደር በ12ኛው ዙር በጀርባው ሲዘርረው ሁሉም ሰው አለቀ ብሎ ነበር። ዳኛው ጃክ ሬይስ ግን ጨዋታውን አላቆመም፣ ቆጠራ ጀመረ። ወደ ዘጠኝ ሲደርስ ፊውሪ ቆሟል። ዳኛው እግሩን ለማየት ወደ ጎን ሂድና ተመለስ አለው። ሄደ፣ ተመለሰ። ዋይልደር ሊጨርሰው ሲመጣ አቅፎ ያዘው፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ዙሩ ሳያልቅ ራሱ መምታት ጀመረ። ልጆቼ ይህን ውጊያ ሲያዩ ፊቱን ትተው እግሩን እንዲያዩ ነው የምነግራቸው። ጉልበቱ መቼ እንደከዳው፣ መቼ እንደተመለሰ እዚያ ላይ ይታያል።

«መንጋጋው ወፍራም ስለሆነ ይችላል።» በ1973 ኬን ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰብሮታል፣ አሊ ግን ውጊያውን በእግሩ ቆሞ ነው የጨረሰው። አጥንት ሌላ፣ መዘረር ሌላ።

«ጡንቻ ያለው ቡጢ ይችላል።» ይህን ለሚሉ የአንቶኒ ጆሹዋንና የአንዲ ሩይዝን የ2019 ውጊያ እጋብዛለሁ። ጆሹዋ እንደ ሐውልት የተጠረበ ሰውነት አለው፣ ሩይዝ ደግሞ ሆዱ ቁምጣው ላይ ተዘርግፏል። በ3ኛው ዙር ቀድሞ የወደቀው ሩይዝ ነው። ተነሳና በዚያው ዙር ጆሹዋን ሁለት ጊዜ ጣለው። በ7ኛው ዙር ሁለት ጊዜ ደገመውና ጨዋታው ቆመ።

«በዝረራ የተሸነፈ አበቃለት።» ሌኖክስ ሉዊስ ሁለት ጊዜ በዝረራ ተሸንፎ ሁለቱንም ሰዎች ተመልሶ አሸንፏቸዋል። አበቃ።

«ወድቆ የማያውቅ ከሁሉም ይበልጣል።» ይህቺ እንኳ ትንሽ እውነት አላት። ካናዳዊው ጆርጅ ቹቫሎ በ93 ውጊያ አንድ ጊዜም አልወደቀም፤ ከአሊ፣ ከፍሬዚየርና ከፎርማን ጋር ሁሉ ተፋልሟል። አከብረዋለሁ። ግን የፍሬዚየሩንም የፎርማኑንም ውጊያ ዳኛ ነው ያስቆመለት፣ እሱ ቆሞ እየተመታ ሳለ። የወደቀ ሰው ቢያንስ ቆጠራ አለው፣ ጥቂት ሰከንድ ማንም አይነካውም። የማይወድቅ ሰው ይህን ዕረፍት አያገኝም፣ የሚቀጥለውንም የሚቀጥለውንም ይቀበላል። አለመውደቅን እንደ ጤንነት የምታዩ ሰዎች ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ልጁ በደንብ ይመታ፣ አገጩ ይጠነክራል።» ይህን የሚሉኝ ወላጆች አሉ፣ ሠልጣኞች አሉ፣ የሚያሳዝነው አሰልጣኞችም አሉ። ውሸት ነው። የገበሬ መዳፍ በዶማ ይጠነክራል፣ አንጎል ግን እንደ መዳፍ አይደለም።

ቡጢ አገጭ ላይ ሲያርፍ ጭንቅላት በድንገት ይዞራል። አንጎል ከራስ ቅሉ ጋር እኩል አይዞርም፣ ወደኋላ ይቀርና ከዚያ ይጎተታል። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ሰውየውም ለጊዜው ራሱን ይስታል ወይም ጉልበቱ ይከዳዋል። እዚህ ውስጥ በልምምድ የሚደድር ነገር የለም። የሚረዱ ነገሮች አሉ፤ ጠንካራ አንገት ይረዳል፣ ቡጢውን ቀድሞ ማየት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይረዳል፣ ምክንያቱም ሰውን የሚዘርረው አብዛኛውን ጊዜ ያላየው ቡጢ ነው። የቀረው አብሮ የሚወለድ ነው። ሁለቱም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበሩትን የክሊችኮ ወንድማማቾችን እዩ። አንድ እናትና አባት፣ አንድ ስፖርት። ቪታሊ በ47 ውጊያ አንድ ጊዜም አልወደቀም። ቭላድሚር ግን በ2003 በኮሪ ሳንደርስ፣ በ2004 በላሞን ብሩስተር ከዝረራ አልዳነም፣ በ2005 ሳሙኤል ፒተር ሦስት ጊዜ ጣለው። ታዲያ አሰልጣኙ ኢማኑኤል ስቱዋርድ ምን አደረገ? አገጩ እንዲጠነክር አላስደበደበውም! በጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥታ በሚሰነዘር ቡጢ) ርቀት እንዲጠብቅ፣ የቀረበውን እንዲያቅፍ፣ እንዳይመታ አስተማረው። ቭላድሚር ከ2006 እስከ 2015 ሻምፒዮን ሆኖ ኖረ።

የአሊ ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ልምምድ ላይ ሆን ብሎ ገመድ ላይ ተደግፎ ራሱን ያስመታ ነበር። በ1977 ከሸቨርስ ጋር 15 ዙር ተፋልሞ በነጥብ ሲያሸንፍ ሰው ቻይነቱን አደነቀ፣ ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ ግን በቃህ አቁም ብሎት፣ እምቢ ሲለው ትቶት ሄደ። በ1980 ሆልምስ ደጋግሞ መታው፤ ከ10ኛው ዙር በኋላ የአሊ አሰልጣኝ አንጄሎ ደንዲ ውጊያውን አስቆመው። አሊ አልወደቀም ነበር። በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው። ቡጢው በበሽታው ላይ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ሐኪሞች ይከራከራሉ። ብዙ መመታት አንጎልን እንደሚጎዳ ግን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1928 ጽፎታል። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ!

አንድ ልጅ ከሌላ ክለብ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። እዚያ አሰልጣኙ «አገጭህ ይደድር» እያለ ከእሱ የሚከብዱ ልጆች በየተራ ሲመቱት ቆይቷል። የመጀመሪያ ቀን ቀላል ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) አስገባሁት፣ ያረፈበት ቡጢ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ማዕዘኑ ጋ ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ «ጋሼ፣ ስንተኛ ዙር ነው?» አለኝ። ሁለተኛ አልኩት። ፎጣውን ሳላነሳ እንደገና «ጋሼ፣ ስንተኛ ዙር ነው?» አለኝ። ጓንቱን አወለቅኩት፣ ሐኪም ጋ ይዤው ሄድኩ። ለሳምንታት ጓንት አላስነካሁትም። በመመታት ጠነከረ የተባለው ልጅ ትንሽ ቡጢ እንኳ መቋቋም አቅቶት ነበር።

ስለዚህ ወላጆችም አሰልጣኞችም ስሙኝ። ልጁ ከተመታ በኋላ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ብርሃን ከረበሸው ወይም አንድ ጥያቄ ከደጋገመ ልምምዱ በዚያች ደቂቃ ያበቃል። ካስታወከ፣ እንቅልፍ ከጣለውና መቀስቀስ ካቃተ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት። ማስታገሻ ውጦ በማግስቱ ስፓሪንግ መግባት የለም። የመጀመሪያው ሳይሽር የሚመጣ ሁለተኛ ቡጢ ሊገድል ይችላል። ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁም ልጅን ውሃ አትከልክሉ፣ ደርቆ ሪንግ የገባ ሰው ቡጢ አይችልም።

«የራስ መከላከያ ካደረገ ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። የራስ መከላከያ ቅንድብ እንዳይተረተር ይጠቅማል፣ ጭንቅላት መዞሩን ግን አያስቀርም። በአማተር ቦክስ ለአዋቂ ወንዶች በ2013 የቀረ ሲሆን የሪዮ 2016 ኦሊምፒክ ላይ ወንዶቹ ያለ እሱ ነው የተፋለሙት። ይህን ሰምታችሁ የልጆቹን እንዳታወልቁ። ውሳኔው እነሱን አይመለከትም፤ አድርገውትም ቢሆን ስፓሪንግ ላይ ጭንቅላት በሙሉ ኃይል አይመታም።