ሰይጣኑ፣ ግራኙ እና የተቀደደው ስፒከር

ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ አንድ ጁስ ቤት እንገናኛለን። አራት አምስት ሰዎች ነን። አንዱ ክራር ይጫወታል፣ አንዱ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይመታል፣ እኔ ልጆች ጊታር አለማምዳለሁ። የቀሩት ሥራቸው መከራከር ነው። አቮካዶው ሳይመጣ «ሄንድሪክስ ወይስ ጂሚ ፔጅ?» ተጀምሯል፤ ከሁለቱ የሮክ ጊታሪስቶች ማን ይበልጣል ነው ነገሩ። እሱስ ይሁን፣ ደስ ይላል። የሚያናድደኝ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ እየተለቀመ በየሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው ወሬ ነው። ስለዚህ ሰሞኑን ጠረጴዛው ላይ የተጣሉትን እዚህ ላንሳቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ጊታር ያስተማረው ሰይጣን ነው»

ይህ ስለ ሮበርት ጆንሰን የሚወራ ነው። ሚሲሲፒ ያደገ ጥቁር የብሉዝ ተጫዋች ነው፤ በኋላ የመጡት የሮክ ጊታሪስቶች እንደ አባት ያዩታል። ወሬው እንዲህ ይላል። ልጁ መጫወት አይችልም ነበር። እኩለ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመ። ሰይጣን መጣ፣ ጊታሩን ቃኘለት፣ ነፍሱን ተቀበለ።

መጀመሪያ ላይ አለመቻሉ እውነት ነው። ሰን ሃውስ የተባለው አንጋፋ ተጫዋች፣ ልጁ ጊታር ሲነካ ሰው ይማረር እንደነበር ተናግሯል። ከዚያ ሮበርት ጠፋ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። በመሃል ያገኘው ግን ሰይጣን ሳይሆን አይክ ዚመርማን የሚባል አስተማሪ ነው። የአይክ ቤተሰቦች እንደሚሉት ሁለቱ ሌሊት መቃብር ቦታ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር። ጸጥ ያለ ነዋ! ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤት የለም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ነፍሱን ሸጠ የሚለው ታሪክም መጀመሪያ የተወራው ስለ ሌላ ጆንሰን፣ ስለ ቶሚ ጆንሰን ነው። ያወራው ደግሞ የቶሚ የገዛ ወንድሙ ነው። ሮበርት በ1936 እና በ1937 ዓ.ም. 29 ዘፈኖች ቀርጾ በ1938 ሞተ። ስለ መስቀለኛ መንገድ በዘፈነው ዘፈን ውስጥ ሰይጣን የሚባል የለም። ተንበርክኮ የሚለምነው እግዚአብሔርን ነው።

እኛ ጋ ወሬው ለምን ቶሎ እንደሚዋጥ ግን ይገባኛል። በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። በገና በጾም ይደረደራል፣ ክራር ጠጅ ቤት ይገባል። ክራር ተጫዋቹ ጓደኛችን ልጅ ሳለ ከጣሳ የሠራትን ክራር አያቱ ጎታ ውስጥ ደብቀውበት ነበር። «አንቱ፣ ምን አደረገዎት?» ቢላቸው፣ «እኔንስ ምንም፤ አንተን እንዳያደርግህ ነው» አሉት አሉ። ክራሯ ከነጤፉ ወጣች። ልጁም ይኸው እስከ ዛሬ ደህና ነው።

በነገራችን ላይ ሮበርት የሞተው በ27 ዓመቱ ነው። «27 የተረገመ ዕድሜ ነው» የሚለው ወሬ ከዚሁ ይቀጥላል። በዚሁ ዕድሜ የሞቱት ሙዚቀኞች ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ጂም ሞሪሰን፣ ከርት ኮቤይን ይቆጠራሉ። ጊታሪስቶቹ ዱዌን ኦልማን በ24፣ ራንዲ ሮድስ በ25፣ ስቲቪ ሬይ ቮን በ35 ሲሞቱ ግን ጣት የሚያጥፍላቸው የለም።

«ሮክ የነጭ ሙዚቃ ነው»

አጭር መልስ፦ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ። በ1915 አርካንሳስ የተወለደች ጥቁር ዘማሪት ናት። ኤልቪስ ገና ሳይሰማ በፊት ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ እየዘመረች ሰው ታስጨፍር ነበር። ቪዲዮዋን ፈልጉና እዩት፤ ነጭ ካፖርት ለብሳ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የምትጫወተውን። ከእሷ ቀጥሎ ጥቁሩ ጊታሪስት ቸክ ቤሪ ይመጣል። የእሱ ጊታር የሚሰማበት ቅጂ በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩሮች ተጭኖ ወደ ጠፈር ሄዷል። ስለዚህ «ሰይጣናዊ» የምንለው ሙዚቃ አንድ እግሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

«ሄንድሪክስ ጊታሩን ገልብጦ እንዳለ ነበር የሚጫወተው»

ይህቺ እኔንም አሳስታኛለች።

ጂሚ ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር። የያዘው የቀኝ እጅ ጊታር ነው፣ ይገለብጠዋል። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ስህተቱ «እንዳለ» የምትለዋ ላይ ነው። ክሮቹን ፈትቶ እንደገና ነው የሚያስራቸው፤ ወፍራሙ እንደማንኛውም ጊታር ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች። ክሩን ሳይቀይር ገልብጦ የሚጫወተው አልበርት ኪንግ ነው፤ ቀጭኑ ክር ከላይ ሆኖ፣ ወደ ታች እየጎተተ። ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል።

አንድ ተማሪ አለኝ፣ የ12 ዓመት ልጅ፣ ግራኝ። ጎንደር ውስጥ «ግራኝ» ስትል ስሙ ብቻውን ታሪክ ይጎትታል፤ ሰውየው የወደቀው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። እናቱ ልጁን ይዘው የመጡ ቀን «መምህር፣ በቀኝ ያስለምዱልኝ» አሉኝ። የሚገርመው የሄንድሪክስም አባት ይህንኑ ይል ነበር። ወንድሙ ሊዮን እንደተናገረው አባታቸው በግራ መጫወትን የሰይጣን ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። ጂሚ አባቱ ሲኖሩ በቀኝ፣ ሲወጡ በግራ ይጫወት ነበር።

እኔ ሆዬ ሄንድሪክስን ጠቅሼ እናቱን አሳመንኩ። የልጁን ጊታር ገለበጥኩና እንዳለ ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የማሳየው ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ሁሉ ተገልብጦ ይመጣል፤ ጣቱ ተጠላለፈ፣ እሱም ተስፋ ቆረጠ፣ እኔም ተናደድኩ። በመጨረሻ ክሮቹን ፈታሁ። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ አለች። ስድስት ቦዮች አሏት፤ ለቀጭን ክር ጠባብ፣ ለወፍራም ሰፊ። ወፍራሙ ክር በጠባቡ ቦይ አልገባ አለ። በጥፍር ሞረድ ትንሽ በትንሽ እየሞረድኩ አስፍቼ አስገባሁት። በማግስቱ ልጁ የመጀመሪያዋን ኮርድ በንጹህ አወጣት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሄንድሪክስ ከማውራቴ በፊት ፎቶውን አጉልቼ ክሮቹን አያለሁ።

«ጣትህ አጭር ነው፣ ተወው»

የኤሲ/ዲሲ ባንድ ጊታሪስት አንገስ ያንግ ቁመቱ 1.60 ሜትር አይሞላም። ይበቃል መሰለኝ።

ግን ስለ ጣት ካነሳን የብላክ ሳባዝ ባንድን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን መዝለል ነውር ነው። በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሥራው የመጨረሻ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። እሱም ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። አለቀለት ሲባል አለቃው የጃዝ ጊታሪስቱን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት። ጃንጎ በ1928 በተነሳ እሳት የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተው ሶሎውን (ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበትን ዜማ) በሁለት ጣት ብቻ የሚጫወት ሰው ነው። አዮሚ የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ። ቀጫጭን ክር አሰረ። ቆየት ብሎም ክሩ ለጣቱ እንዲላላለት ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። ያ ከባድ የብላክ ሳባዝ ድምፅ እንግዲህ የታመመ ጣት ያመጣው ነው።

እግረ መንገዴን ለጀማሪዎች፦ «መጀመሪያ አኩስቲክ፣ ኤሌክትሪኩ በኋላ» የሚለው ሕግ አይደለም። የኤሌክትሪክ ክር ይቀጥናል፣ ለጣትም ይለሰልሳል። አኩስቲክ የሚመረጠው አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ስለማይፈልግና መብራት ሲጠፋ ስለሚሠራ ነው። እዚህ ከተማ ያ ቀላል ምክንያት አይደለም።

«ይህ ለኛ ጆሮ አይሆንም»

ይህንን የሚሉት ሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም፤ ጎረምሶቹም ይሉታል። በሮሃ ባንድ ካሴቶች የሰላም ስዩምን ጊታር ሰምቶ ያደገ ከተማ እንዲህ ሲል ይገርመኛል።

አብዛኛው የሮክ ሶሎ የሚሠራው በአምስት ድምፅ ነው። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ጀማሪ ሁሉ አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለች የብረት መስመር) ላይ የሚማራት «ሳጥን»፣ ማለትም የጣት አቀማመጥ፣ ይህች ናት። አሁን የትዝታ ሜጀርን ቁጠሩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ያው አምስቱ ናቸው፤ ቤታቸው ነው የተለየው። አንዱ ላ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ዶ ላይ። ጓደኛዬ ክራሩን በትዝታ ቃኝቶ ይገርፋል፣ እኔ አብሬው ያቺን የሮክ ሳጥን እጫወታለሁ። አንድም ድምፅ አይጣላም። ጁስ ቤቱ ውስጥ የነበሩ አንድ አባት «ይቺ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ፤ አገር ቤት የሆነች መስሏቸው ነው።

ሁሉም ቅኝት እንዲህ ይገጥማል ማለቴ አይደለም። አንቺሆዬን ይዛችሁ ወደዚያ ሳጥን ከሄዳችሁ ትጣላላችሁ።

«ሄንድሪክስ ራሱ ‹ከኔ የሚበልጠው እከሌ ነው› ብሏል»

በቴሌግራም የምትዞር ናት። ጋዜጠኛ ይጠይቀዋል፣ እሱ «እከሌን ጠይቁት» ይላል። ችግሩ እከሌው ይቀያየራል። አንዴ ሮሪ ጋላገር፣ አንዴ ቴሪ ካዝ፣ አንዴ ቢሊ ጊበንስ። እንዲያውም ፕሪንስ የሚልም አይቻለሁ፤ ሄንድሪክስ በ1970 ሲሞት ፕሪንስ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

«ያ የሚያጓራው የሮክ ጊታር ድምፅ ውድ ዕቃ ይፈልጋል»

ኪቦርድ የሚመታው ጓደኛችን ስፒከር ለሠርግ ያከራያል። ባለፈው አንዱ ስፒከር ወረቀቱ ተቀዶ ተመለሰ፤ ልጆች እግር አስገብተውበት ነው። ሊጥለው ሲል ጊታሬን ሰካሁበት። አጓራ! ሁላችንም ተያየን።

በ1964 ዴቭ ዴቪስ የተባለ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ የለንደን ልጅ የትንሿን አምፑን ስፒከር በምላጭ ተልትሎ፣ ድምፁን ወደ ትልቅ አምፕ አስገብቶ የባንዱን የኪንክስን የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ቀረጸ። በገበያ የሚሸጡት ፔዳሎች (በእግር የሚረገጡ የድምፅ መቀየሪያዎች) ብዙዎቹ የሚሠሩት ይህን መሰል ብልሽት ለመምሰል ነው።

ይህንን ሁሉ ለጓደኛዬ አስረዳሁት። አትጠግነው፣ ለኔ ሽጥልኝ አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። ሰኞ ዕለት ወስዶ አስለጠፈው። እሑድ አዘዞ ሠርግ አለበት።