የሌላውን ሰው ሞት አትጻፉ፦ ስለ ጽሑፍ ጌም የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ሆኜ በቴሌግራም የአማርኛ የሚና ጨዋታ ግሩፕ እመራለሁ። ተጫዋቾቹ ከቡሬ፣ ከዳንግላ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከባሕር ዳር ናቸው። ጌሙ ሥዕል የለውም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ አስማተኛ፣ አንዷ ወታደር፣ ሌላው መንገደኛ ነጋዴ ይሆናል። ገጸ ባሕርዩ የሚያደርገውን ይጽፋሉ፣ ሌላው ይመልሳል፣ ታሪኩ ይቀጥላል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ግን ያንኑ የተሳሳተ ነገር ይዞ ይመጣል። ለእያንዳንዱ በውስጥ መስመር ማስረዳት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው።

«ይሄ ቻት እንጂ ጌም አይደለም።»
ጌም ነው፤ ያውም ከብዙዎቹ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ1978 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይ ትሩብሾ የተባለ ተማሪ «መድ» የሚባለውን ጌም ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትል ቀጠለው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት የጽሑፍ ዓለም ነው። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ ብሎ ያዛል፣ ኮምፒውተሩ የደረሰበትን ቦታ በቃላት ይነግረዋል። በ1991 ደግሞ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲኩመድ የተባለውን ተመሳሳይ ጌም ሠሩ። ዛሬ ሺህ ሰው አብሮ የሚጫወትባቸው ባለ ሥዕል የምናብ ጌሞች የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

«ጊዜው ያለፈበት ነው።»
አኬያ የተባለው የጽሑፍ ጌም በ1997 ተከፈተ። ዛሬም ሰው ይጫወትበታል።

«ጥሩ ኮምፒውተርና ብዙ ዳታ ይፈልጋል።»
አንድ የአማርኛ ፊደል ኢንተርኔት ላይ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ (ዩቲኤፍ-8) 3 ባይት ነው። 300 ፊደል ያለው መልእክት አንድ ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም። ቪዲዮ በማይከፍት ኔትወርክ ይሄ ያልፋል።

«እንግሊዝኛ ካልቻልክ አይሆንም።»
ይሄ ግማሽ እውነት አለው። የድሮዎቹ ሰርቨሮች፣ ማለትም ጌሙን የሚያስኬዱት ኮምፒውተሮች፣ ለላቲን ፊደል ብቻ የተሠሩ ናቸው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ብዙዎቹ ላይ አማርኛ ብትጽፉ የጥያቄ ምልክት ይደረደራል። እኛም ቴሌግራም ላይ የምንጫወተው ለዚህ ነው። እዚህ አማርኛችሁ ይበቃል።

«ጥንቆላ ነው።»
ይህን የሚሉኝን እናቶች አልቆጣቸውም፤ ለልጃቸው ፈርተው ነው። በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የገበታ ጨዋታ ከወጣ በኋላ፣ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ይኸው ክስ ተነሥቷል። በጨዋታው አስማት የሚባለው ነገር ዳይስ (በየገጹ ቁጥር ያለበት መጣያ) ጥሎ ቁጥር ማየት ነው። ማንም መንፈስ አይጠራም። እትዬ፣ ካልተማመኑ ከልጅዎ አጠገብ ይቀመጡና አንድ ምሽት ጮክ ብሎ ያንብብልዎ።

«ገጸ ባሕርዩ የኔ ስለሆነ ያሻኝን እጽፋለሁ።»
ግሩፕ የሚያፈርሰው ይሄ ነው። የራስህ ገጸ ባሕርይ ያንተ ነው። የሌላው ግን አይደለም። አንተ የምትጽፈው ሙከራህን ነው። ውጤቱን ሌላው ተጫዋች ወይም ዳይሱ ይወስናል፤ ካልተስማማችሁ አድሚኑ አለ።

አንድ የቡሬ ልጅ፣ አማርኛው የሚያስቀና፣ በገባበት ምሽት እንዲህ ጻፈ፦ «ጎራዴውን መዘዘ። የድልድዩን ዘበኛ በአንድ ምት ጣለው። ዘበኛው ተንበርክኮ ምሕረት ለመነ።» ያን ዘበኛ የያዘችው ልጅ ደግሞ ለወራት ስትገነባው የቆየች ናት። የሚያነክስበትን እግር፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላበትን መሬት፣ ድልድዩን ለምን እንደማይለቅ ሁሉ ጽፋለች። ይህ ሁሉ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አፈር በላ። ልጅቷ አልተሳደበችም። ዝም ብላ ከግሩፑ ወጣች፣ አልተመለሰችም። ልጁን በውስጥ መስመር ሳናግረው «ምነው፣ አጻጻፌ መጥፎ ነው?» አለኝ። አጻጻፉማ ግሩም ነው። የጻፈው ግን የሰው ነው።

መጻፍ የነበረበት ይህን ነበር፦ «ጎራዴውን መዞ በዘበኛው ግራ ትከሻ ላይ ሰነዘረ።» እዚያ ላይ ይቆማል። ዘበኛው ሊመክት ይችላል፣ ሊቆስል ይችላል፣ ከድልድዩ ወንዙ ውስጥ ሊዘል ይችላል። ያንን ባለቤቷ ትጽፋለች።

ጎጃም ተወልደን ይሄ እንዴት ይጠፋናል? ሠርግ ላይ ፎካሪ ሲነሣ የራሱን ጀግንነት፣ የአባቱን ገድል ያወርዳል። ከዚያ ሌላው ይነሣና የራሱን ይላል። ማንም በሌላው አፍ ገብቶ «ተሸነፍኩ» ብሎ አይፎክርለትም።

በድሮዎቹ የኮምፒውተር ዓለሞች ይህ ጣጣ ብዙም የለም፤ ማን እንደመታ፣ ማን እንደሳተ ሰርቨሩ ያሰላል። እኛ ጋ በዳይስ ነው። ቴሌግራም ላይ የዳይሷን ምስል ብቻዋን ስትልኩ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ታወጣለች፤ ቁጥሩን እናንተ አትመርጡትም። በግሩፓችን 4ና ከዚያ በላይ ከወጣ ምቱ ያርፋል። ፎርዋርድ የተደረገ ዳይስ አይቆጠርም። ይህን ሕግ ለምን እንዳወጣን አትጠይቁኝ፤ ትገምታላችሁ።

የዚህ ሁሉ ሥር «ከተሸነፍኩ ጌሙ አለቀብኝ» የሚል ፍርሃት ነው። አያልቅም! ዳንግላ ያለች አንዲት ተጫዋች ገጸ ባሕርይዋ በአንድ ፍልሚያ ቀኝ እጁን አጣ። ከዚያ በግራው ጦር መያዝ ሲማር፣ ገበያ ላይ ሲያፍር፣ የመታውን ሰው ሲሸሽ ጻፈች። ግሩፑ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሞቆ አያውቅም። መድን የቀጠለው ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ነጥብና ደረጃ መሰብሰብ የሚሹ፣ ዓለሙን ማሰስ የሚሹ፣ ከሰው መጫወት የሚሹ፣ ሌላውን መግደል የሚሹ። ራስህን እወቅ። ግድያው ከሆነ የሚጥምህ ንገረኝ፣ ዳይስ የበዛበት ጦር ሜዳ አስገባሃለሁ። የሰው ሠርግ መሀል ገብተህ አትግደል።

«ግሩፑ ላይ ያነበብኩትን ገጸ ባሕርዬም ያውቃል።»
አያውቅም። ዋሻ ውስጥ የታሰረ ሰው ከተማ የተዶለተውን ከየት ይሰማል?

«ሰደበኝ።»
የሱ ገጸ ባሕርይ ያንተን ገጸ ባሕርይ ነው የሰደበው። ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ልብህን ከነካው ግን በቅንፍ ጻፍና ከጨዋታ ውጪ ተናገር፤ ያኔ ጨዋታው ይቆማል። እዚህ ላይ አልደራደርም።

«የምናብ ዓለም ማለት በረዶ፣ የድንጋይ ግንብና ዘንዶ ነው።»
ይሄ ደግሞ ያሳዝነኛል። አባቱ ጮቄ ተራራ ሥር ገብስ የሚያርሱ ልጅ በፊልም ብቻ ያየውን ጫካ ሊገልጽ ሲታገል አያለሁ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅባራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ በጉም መሀል ሰው መስሎ ይቆማል። ውርጩን፣ የአስታውን እንጨት ጭስ፣ የዓባይን ሸለቆ ሙቀት በቆዳችሁ ታውቁታላችሁ። የቅኔ ተማሪ ዘንቢልና አኮፋዳ ይዞ ከዋሸራ ቅኔ ቤት ሲነሣ ብትጽፉ አንባቢው ወዲያው ያምናችኋል። አስማቱን እዚያ ላይ ጨምሩ።

«ለዓይነ ስውር አይሆንም።»
ከማንኛውም ጌም ይልቅ የሚሆነው ይሄ ነው። ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ካለ ተጫዋቹ ከማንም እኩል ነው፤ መድን በመሰሉት የውጭ የጽሑፍ ጌሞች ዓይነ ስውራን ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ግሩፕ የምትመሩ ሰዎች፣ የታሪኩን መግቢያና ሕጉን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አትለጥፉ። ፕሮግራሙ ፎቶ ላይ ያለ አማርኛ ብዙ ጊዜ አያነብላቸውም። በፊደል ጻፉት።