ሰሜን ሸዋን ከባሕር ምን አገናኘው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በእኛ አካባቢ ሙዚየም ሲባል ዘውድ፣ ጋሻና ብራና ብቻ ነው የሚታሰበው። የተፈጥሮና የባሕር ታሪክ የሚያሳይ ክፍልም ይገባናል ስል ብዙ ሰው ይገረማል። የሚሉኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

«ሸዋ ደጋ ነው፤ ባሕር ደርሶበት አያውቅም።»

እስኪ ወደ ጀማ ሸለቆ ውረዱ። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የበለጠ ሲወርዱ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይሄ ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ አገሩን ሞቃት ባሕር ሸፍኖት ነበር። ድንጋዩ ውስጥ የሚታየው ዛጎልም እዚያው የኖረ ፍጥረት ነው። አንድ የጎርፍ ወቅት ጠራርጎ ያመጣው የሚመስላቸው አሉ። ግን ንብርብሩ በመቶዎች ሜትር ይወፍራል፤ እጅግ ረጅም ዘመን የፈጀ ክምችት ነው።

«ቅሪተ አካል ያለው አፋር ብቻ ነው።»

አፋር የታወቀው በሰው ዘር ቅሪት ነው። በእኛው ሰሜን ሸዋ፣ «ዓለም ከተማ» በተባለችው ከተማ አካባቢ ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ይህን የአካባቢው ተማሪ ሁሉ ቢያውቀው እንዴት ደስ ባለኝ!

«የባሕር ንግድ የምጽዋና የታጁራ ሰው ታሪክ ነው።»

ከአንኮበር ሥር ያለችው የገበያ ከተማ አልዩ አምባስ? በዛሬዋ ጅቡቲ ካለው የታጁራ ወደብ የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት የሚራገፈው እዚያ ነበር። ጨው በግመል በረሃውን አቋርጦ ይመጣል፤ ከደጋው ቡና ይወርዳል፤ የባሪያ ንግድም ነበረበት፤ ይህም ተደብቆ መቅረት የለበትም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከመርከብ ታጁራ ላይ ወርዶ ነው አንኮበር የወጣው። በዚያው ዓመት ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። የሸዋ ቤተ መንግሥት ባሕሩን ከእኛ በተሻለ ያውቀው ነበር ባይ ነኝ።

«ጭላዳ ያው ዝንጀሮ ነው።»

አይደለም። የራሱ ወገን የሆኑት ሌሎች ዝርያዎች ሁሉ ጠፍተው ብቻውን የቀረ ነው፤ ዋና ምግቡም ሣር ነው። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የደጋ ሣር ምድር «ቄሮ» በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ባይጠብቅ ኖሮ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ምን ይውጣቸው ነበር?

«ዛጎል ያለበት ድንጋይ ካገኘሁ ቤቴ ባስቀምጠው ምን አለበት?»

ጉዳት አለው። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ የድንጋዩ ታሪክ ግማሹ ይጠፋል። ሳታነሱ ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።